ከሞጣ የመጣው ቃል

ጸደንያ ወልደ ኪዳን ተወልዳ ያደገችው ሞጣ ቢሆንም እንጀራዋን ያገኘችው ቢቸና ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እሷ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ተምራ በተመረቀችበት ዓመት አረፉ። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች። ሞጣ የሚያስቀራት ነገር ስላልነበረ፣ «ምሥራቅ እሸት» የሚባለው ትልቅ የእህል ንግድ ድርጅት ለቢቸና ቅርንጫፉ የኔትወርክ ባለሙያ ሲፈልግ፣ የአባቷን ቤት ቆልፋ ቁልፉን ለአክስቷ ሰጥታ ሄደች።

ድርጅቱ ጤፍና ስንዴ ከገበሬው እየገዛ፣ አበጥሮና ከረጢት ውስጥ ከቶ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነው። ደጀን፣ ሉማሜ፣ አማኑኤል፣ ቢቸናና ሞጣ መጋዘን አለው። ድሮ የአንዱ መጋዘን ሰው ሌላው ዘንድ ምን ያህል እህል እንዳለ የሚያውቀው ሾፌር ሲመጣ ወይም ስልክ ሲደወል ነበር። አሁን ሁሉም የሚያየው አንድ መዝገብ ነው፤ ሞጣ የተመዘነው ስንዴ ወዲያው ቢቸና ስክሪን ላይ ይታያል። ያ እንዳይቋረጥ ማድረግ የጸደንያ ሥራ ነው።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አይገባውም። አከራይዋ «ኮምፒውተር ትጠግናለች» ይሏታል። ገመድ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ መሰላል ስትወጣ ያዩዋት ደግሞ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ትመስላቸዋለች። ጠይቀው የተረዱት የመጋዘኑ ዘበኛ አባባ ፋንታ ብቻ ናቸው። አባባ ፋንታ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ስለሆኑ ስለ ሁሉም ነገር መጠየቅ ልማዳቸው ነው፤ አንድ ቀን ጣራ ሥር ገመድ ስትስብ መሰላሉን ይዘውላት ሳለ፣ ይህ ሁሉ ክር ወዴት እንደሚሄድ ጠየቋት።

እሷም አስረዳቻቸው። ከየጠረጴዛው የሚነሳው ገመድ ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ ሄዶ ስዊች የሚባል አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ የትኛው ማሽን በየትኛው ገመድ ጫፍ እንዳለ ያውቃል፤ ከሒሳብ ክፍል ለመጋዘኑ የተላከውን ለመጋዘኑ ብቻ ያደርሳል። ከግቢው ውጭ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ራውተር ለሚባለው ያስረክባል፤ እሱ እንደ ግቢ በር ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ቁጥር ስላለው ነው። ሁለት ማሽኖች በስሕተት አንድ ቁጥር ከያዙ፣ የአንዱ መልእክት ሌላው ዘንድ ይሄዳል፤ ሁለቱም ይታወካሉ።

«ቁጥሩን የሚያድለው ማነው?» አሏት አባባ ፋንታ።

«እዚህ ቢቸና፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መስመር ኪራይ ነው። በቢቸናና በሞጣ መካከል ግን ድርጅቱ የራሱን የሬዲዮ መስመር ዘርግቶ ነበር። ቢቸና ጣራ ላይ የተተከለው ነጭ ሳሕን በደብረ ወርቅ በኩል ኮረብታ ላይ ከቆመ ማማ ጋር ይተያያል፤ ማማው ደግሞ ከሞጣው ሳሕን ጋር። ማማው የሚሠራው ቀን ከፀሐይ በሚሞላ ባትሪ ነው። ሞጣ ያለው የኔትወርክ ሰው ደምለው ይባላል። እሷ አገሯን ከለቀቀች በኋላ ስለተቀጠረ በዓይን አይተዋወቁም፤ በድምፅ ግን እንደ ወንድምና እህት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ስልክ አንስታ የሞጣን ቁጥር ትጫናለች። «አለህ?» ትለዋለች። «አለሁ» ይላታል። የቀኑ ሥራ በዚህ ይጀመራል።

አንድ ዓመት ክረምት ላይ አገሩ ተረበሸ። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ቀጥሎም ስልክ ጠፋ። ሰው ከሰው ተቆራረጠ። ሞጣ ለንግድ የሄደ፣ ደብረ ወርቅ ለሠርግ የሄደ፣ ሁሉም በሄደበት ቀረ። ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው የድርጅቱ መስመርም ጸጥ አለ። ጸደንያ ግን አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ስልኩን አንስታ የሞጣን ቁጥር ብትጫን፣ ደምለው «አለሁ» አላት። የጠረጴዛ ስልኮቹ በድርጅቱ ገመድና ሬዲዮ ላይ የሚሠሩ ናቸውና የቢቸናና የሞጣ መስመር አልተነካም ነበር።

መጀመሪያ የተጠቀሙበት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ባንተአምላክ ናቸው። አማታቸው ሞጣ ነበሩ። ደምለው ሄዶ አይቶ ደኅና መሆናቸውን ነገራቸው። ከዚያ የመጋዘን ሠራተኞቹ ጠየቁ፤ ከሠራተኞቹ ዘመዶቻቸው፤ ከዘመዶቻቸው ጎረቤት። ሳምንት ሳይሞላ ቢቸና በሙሉ ሰማ። አቶ ባንተአምላክ መስመሩ ለእህል እንጂ ለወሬ እንዳልተዘረጋ ሊናገሩ ሞክረው ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቁት ግን ራሳቸው ስለነበሩ ተዉት። ሰውን ቢሮ ድረስ ማስገባት ስላልተቻለ፣ በር ላይ አባባ ፋንታ የእያንዳንዱን ጥያቄ ይሰሙና ለጸደንያ ያደርሳሉ። እሷ ለደምለው ትነግረዋለች። ደምለው ሞጣ ውስጥ እየተዘዋወረ ጠይቆ መልሱን ይነግራታል።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የማይቀሩት እማማ ታንጉት ነበሩ። አንድ ልጃቸው የኔሰው ይባላል፤ የጭነት መኪና ረዳት ነው። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሞጣ በኩል እንደወጣ አልተመለሰም። እማማ ታንጉት በየቀኑ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥተው በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ጸደንያ ወጥታ «ገና ነው እማማ» ስትላቸው፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ይመርቋትና ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ደምለው ብዙ ጠይቆ ነበር። የሚያውቀው አላገኘም።

ከዚያ ደግሞ የሞት ወሬ ይመጣ ጀመር። ሞጣ ታመው ያረፉ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ልጃቸው ቢቸና ነጋዴ ነው። ደምለው ሲነግራት ጸደንያ ወዲያው ተነስታ ወደ ሰውየው ሱቅ ልትሄድ ነበር። አባባ ፋንታ በሩ ላይ አስቆሟት። መርዶ እንደዚህ አይነገርም አሏት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ መካከል፣ በአንዲት ልጅ አፍ አይሆንም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይጠራል፣ በማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። ቃሉን የሰማችው እሷ ስለሆነች ግን አብራ ትሄዳለች፤ ሰዎቹ ከማን እንደተሰማ ይጠይቃሉና።

እንደዚያ ሆነ። ከዚያ በኋላም ሌላ መጣ፣ ሌላም። ጸደንያ ነጠላዋን አጣፍታ በማለዳ ጭቃ ከሽማግሌዎች ኋላ መሄድ ለመደች። ከተማውም እሷን ማየት ለመደ፤ መልመዱ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ገበያ ስትገባ የሚሳሳቁ ሴቶች ጸጥ ይላሉ። አከራይዋ አንድ ቀን ጠርተው፣ የእሳቸውን በር ከማንኳኳቷ በፊት ከሩቅ ድምፅ እንድታሰማ ለመኗት፤ እህታቸው ሞጣ ነበሩ። ጸደንያ አልተቀየመችም። ማታ እራቷን የምትበላው ግን ብቻዋን ነበር። ሰውን ለማገናኘት የጀመረችው ሥራ ሰውን እንዲሸሻት አደረገው።

ነሐሴ ላይ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጉም ለቀናት አልገለጥ አለ። የማማው ባትሪ ፀሐይ በማጣት ደከመ። የደምለው ድምፅ እየተቆራረጠ ይመጣል፤ ግማሹ ቃል ሲደርስ ግማሹ ይጠፋል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ስልኩ ጮኸ።

ደምለው የሚናገረው ቀስ ብሎ ነበር። ቢቸና የሚነገር ነገር አለ አላት። አንድ ቤት አከራይ ቢሮው ድረስ መጥቶ ነግሮት ነው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ተመለሰ። «...የቢቸናው የኔሰው ከፋለ... ትኩሳት ይዞት... ቀበርነው ይላሉ።»

«ማን አልከኝ?»

«የኔሰው። የኔሰው ከፋለ።»

ሌላም ነገር ተናገረ፤ አልተሰማትም። መስመሩ ተቋረጠ። ጸደንያ አንድ ገመድ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳትፈትሽ የማትሰካ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን ጉሙ እስኪገለጥ ጠብቃ መልሳ አልደወለችም። ስለ ሞተ ሰው ማን ነበር፣ ምን ይመስል ነበር ብሎ መጠየቅ ነውር መሰላት። ደግሞም ለምን ትጠይቅ? የእማማ ታንጉት ባል ከፋለ ይባሉ እንደነበር በየቀኑ ሰምታለች። የሚፈለግ የኔሰው የምታውቀው አንድ ብቻ ነው።

በመስኮት ብታይ እማማ ታንጉት ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ወጥታ በአጠገባቸው ማለፍ ግድ ሆነባት።

«ዛሬስ ልጄ?» አሏት።

«ዛሬ መስመሩ ጥሩ አይደለም እማማ» አለች፤ ዓይኗን ከዓይናቸው አላጋጠመችም። እሳቸው መርቀዋት ሄዱ። አባባ ፋንታ ፊቷን አይተው ነገሩ ገባቸው።

በማግስቱ ማለዳ ሄዱ። እማማ ታንጉት በሩን ከፍተው ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ከኋላቸው ጸደንያን አዩ፤ ማንም ቃል ሳይተነፍስ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ለቅሶው ሰፈሩን አናወጠው። ፀጉራቸውን ተላጩ፤ ጥቁር ለበሱ። አንድ ልጅ ነበር፤ አለቀ።

ለቀስተኛው ብዙ ነበር። ከታችኛው ሰፈር ከመጡት መካከል ወይንእሸት የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ሕፃኗን አዝላ፣ ድፎ ዳቦ ተሸክማ መጣች። ባሏ ግንበኛ ነው። ከተማው ሁሉ የሚጠራው «ግንበኛው» እያለ ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ ቢቸና የከረመ ስለሆነ የአባቱን ስም የሚያውቅ አልነበረም። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ባሕር ዳር ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዷል። ወይንእሸት እየመጣች አትጠይቅም ነበር፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው በሞጣ መስመር ይገኛል ብሎ ማን ያስባል?

ከጸደንያ አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ ቆየችና ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች አወራቻት።

«ለባሌ ሞክሼው ነበር። ሲገናኙ ሞክሼ፣ ሞክሼ እየተባባሉ ነው። ሲሰማ እንዴት ይሆን ይሆን?»

ጸደንያ ይህን ሰማች። የሞተው ይኸኛው ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣባት። ቀና ብላ እማማ ታንጉትን አየች፤ የተላጨ ራሳቸው፣ የተቧጨረ ፊታቸው። የወይንእሸት ባል ባሕር ዳር ነው ተብሏል። ሞክሼ ደግሞ በየሰፈሩ አለ። ሐሳቡን አውጥታ ልትጠይቅ አልደፈረችም፤ ዝም አለች። በኋላ ሰው ምን አጠፋሽ ቢላት፣ ከስልኩ ይልቅ ይህችን ዝምታ ነበር የምትቆጥረው።

ወይንእሸት ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእማማ ታንጉት ቤት አልጠፋችም። ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፣ ውኃ ትቀዳላቸዋለች፣ ምግብ ታቀምሳቸዋለች፣ ልጇን ጭናቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። ሕፃኑ ሲስቅ እማማ ታንጉት አብረው ፈገግ ብለው መልሰው ያለቅሱ ነበር። ዐርባው ደርሶ ካህናቱ መጡ፤ የልጃቸው የክርስትና ስም እየተጠራ ጸሎት ተደረገ፣ ድኃ በላ። እንጀራውን የጋገረችው፣ ወጡን የሠራችው ወይንእሸት ናት።

ዝናቡ አቆመ። ጉሙ ተገለጠ፤ የማማው ባትሪ ሞላ፤ የደምለው ድምፅ እንደ ጎረቤት ጠራ። መንገዱም በከፊል ይከፈት ጀምሯል ይባል ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ደምለው ደውሎ፣ ከአዴት በኩል የመጣ ሰው እናቱን ሰላም ማለት ይፈልጋል፣ ቢሮ ድረስ ስለመጣ ከራሱ ጋር ላገናኝሽ አላት። ስልኩን ሰጠው።

«ሃሎ፣ ቢቸና ነው?» የወጣት ድምፅ ነው፤ እየሳቀ። «እናቴ ታንጉት ትባላለች፤ የድርጅቱ ዘበኛ ያውቋታል። ደኅና ነው፣ መንገድ ሲከፈት ይመጣል በሉልኝ።»

«ማን ልበል?»

«የኔሰው። የኔሰው ከፋለ። መኪናችን አዴት ተይዛ እዚያው ነበርን።»

ጸደንያ በመስኮት ወደ ባዶው ድንጋይ አየች።

«ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም» አለችው። «እነግራቸዋለሁ። አንተ ብቻ ደኅና ሁን።»

ተለቅሶልሃል፣ ዐርባህ ወጥቷል አላለችውም። ደምለውን ጠርታ፣ ያን ጊዜ ስለሞተው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲነግራት ጠየቀችው። ደምለው ብዙ አያውቅም ነበር፤ ወሬውን ወዳመጣለት ቤት አከራይ ሄደ። እስኪመለስ ከወንበሯ አልተነሳችም። ፊት ለፊቷ ሳጥኑ ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ሁሉም ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

ደምለው ሲመለስ ድምፁ ሌላ ነበር። ሰውየው ግንበኛ ነበር አላት። ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ መንገድ ተዘግቶበት ሞጣ የቀረ ነው። መዶሻውና ቱንቢው ተጠቅልለው አከራዩ ቤት አሉ። ሲታመም የሚስቱን ስም ይጠራ ነበር።

«ማን ብሎ?»

«ወይንእሸት።»

ደምለው ነው ቀድሞ የተናገረው። «ሁለት መሆናቸውን በምን ልወቅ? ያን ቀን ግንበኛ ነው ያልኩሽ መስሎኝ ነበር።»

«ብለህ ይሆናል። አልሰማሁህም። መልሼም አልጠየቅሁህም» አለችው።

ለማሽኑ ሁሉ ለየብቻ ቁጥር የምታድለው እሷ ናት። ለሰው ግን ስምና የአባት ስም ይበቃዋል ብላ አለፈችው።

አባባ ፋንታን በሩ አጠገብ ጠርታ ነገረቻቸው። ጸደንያ ይቆጡኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። የሚያስቡት ሌላ ነው። ወይንእሸት በዚያ ሰዓት እማማ ታንጉት ቤት ናት። ምሥራቹ ቀድሞ ከተነገረ፣ እልልታው ሳያበቃ ሴትየዋ የሞተው ታዲያ ማነው ብላ መጠየቋ አይቀርም። በመጨረሻ ወሰኑ፤ ነገ ማለዳ መጀመሪያ መርዶው፣ ከዚያ ምሥራቹ። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይሰማ።

ማለዳ ብርድ ነበር። አባባ ፋንታ፣ አንድ ቄስ፣ ሁለት ጎረቤቶችና ጸደንያ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረዱ። ወይንእሸት ገና ከእንቅልፏ መንቃቷ ነው። በሩን ከፍታ ሽማግሌውን አየች፤ ከኋላቸው ጸደንያን አየች። ፊቷ ላይ የታየው ሐዘኔታ ነበር።

«ምነው፣ እማማ ታንጉት ደከሙ እንዴ?» አለች። ነጠላዋን ለማንሳት ወደ ውስጥ ዞረች። «ቆዩ ልጁን ልዘለው፣ አሁን እመጣለሁ።»

ማንም ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ነጠላውን እንደያዘች ቆመች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ቄሱ ስሟን ጠሩ።

ጩኸቱ ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ወይንእሸት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አለቀስኩለት እኮ፣ አለቀስኩለት፣ ሳላውቅ አለቀስኩለት።

አባባ ፋንታ ከዚያው ወደ እማማ ታንጉት ሄዱ። ልጅዎ በሕይወት አለ ሲሏቸው አሮጊቷ አላመኑም፤ ጸደንያ ድምፁን ሰምቻለሁ ብላ ማለችላቸው። እንዴት እንዳወራ፣ እንዴት እንደሳቀ ጠየቋት። ነገረቻቸው። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። እልል አላሉም። ቀስ ብለው «ታዲያ ያ የማን ልጅ ነው?» አሉ። ሲነገራቸው ተቀምጠው የነበሩት ተነሱ፤ ጥቁራቸውን ሳያወልቁ፣ የተላጨ ራሳቸውን ሸፍነው፣ በትራቸውን ይዘው ወደ ታችኛው ሰፈር ወረዱ። ልጃቸው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲመጣ ያገኛቸው እዚያ ነው፤ ጥቁር ለብሰው፣ የሟቹን ሕፃን ታቅፈው። ሰዎች እንዳወሩት፣ የኔሰው በሩ ላይ ቆሞ መግባትም መመለስም አቅቶት ነበር። እናቱ ዓመት እስኪሞላ ጥቁሩን አላወለቁም።

አቶ ባንተአምላክ ነገሩን ሲሰሙ ጸደንያን አልቀጧትም። ድርጅቱ የሚያውቀው ነገር አይደለም አሏት፤ ከዛሬ ጀምሮ ስልኩ ለእህል ክምችት ሥራ ብቻ ነው። የሚከለከል ሰውም አልነበረም። በሩ አጠገብ የሚቀመጥ አልተገኘም።

ወይንእሸትን ያስጨነቃት ከለቅሶው በኋላ ሌላ ነገር ሆነ። የባሏ ዐርባ አልፏል፤ ጸሎቱ የተደረገው በሌላ ሰው የክርስትና ስም ነው። ጸደንያ ልትጠይቃት በሄደች ቁጥር የምታነሳው ይህን ነበር።

«ሲቀበር የክርስትና ስሙን ማን ነገራቸው?» ትላታለች። «እሱ ካልነገራቸው ማን ብለው ፈቱት?»

ደምለው ጠይቆ የሚያውቅ አላገኘም። መንገዱ ሲከፈት ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ሞጣ ሄዱ። ደምለው መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበላቸው፤ ከድምፁ ይልቅ ያረጀ፣ ቀጭን ሰው ነው። ጸደንያን ሲጨብጥ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ስንት ዓመት በየጠዋቱ ያወሩ ሰዎች የሚነጋገሩት አጡ።

አከራዩ ወደ መቃብሩ ወሰዳቸው። አፈሩ ገና አልጠነከረም፤ ዙሪያው ድንጋይ ተደርድሮበታል። ወይንእሸት አላለቀሰችም። የደብሩን ቄስ ጠርታ ስሙን ነገረቻቸው፤ ወልደ ሚካኤል ነው አለች። ቄሱ እየደጋገሙ ስሙን እየጠሩ ጸለዩለት። እሷ አጠገባቸው ቆማ ስሙ በተጠራ ቁጥር ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ በትክክል መጠራቱን የምታረጋግጥ ትመስላለች። ከዚያ የባሏን መዶሻና ቱንቢ ተቀብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ጸደንያ በዚያው ወደ አባቷ ቤት ጎራ አላለችም። በመንገዱ ማዶ አይታው አለፈች።

ስልክ ተመለሰ፤ ኢንተርኔትም ቀስ በቀስ መጣ። ሰው ሁሉ በየኪሱ ያለውን አውጥቶ የራሱን ሰው ራሱ ይጠይቅ ጀመር። ያ የጠረጴዛ ስልክ እንደገና የስንዴና የጤፍ ብቻ ሆነ። ጸደንያ ሥራዋን አልለቀቀችም። ለደምለው ጠዋት ጠዋት ትደውላለች፤ ስለ መስመሩ ብቻ ያወራሉ። አንድ ነገር ሲነግራት ሦስት ጊዜ ታስደግመዋለች፤ የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች በዚህ ይሰለቹባታል፤ አዝግ ሆነች ይሏታል።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይንእሸት ዘንድ መሄድ ልማድ አድርጋው ነበር። ለሕፃኑ ልብስ ትወስዳለች፣ አንዳንድ ጊዜ ስኳር፣ አንዳንድ ጊዜ ሳሙና። ወይንእሸት ትቀበላታለች፣ ታስቀምጣታለች፣ ጠላ ትቀዳላታለች። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ወሬያቸው ግን አጭር ነው፤ የሕፃኑ ጥርስ፣ የእህል ዋጋ፣ የብርዱ ነገር። ከዚያ ጸደንያ ተነስታ ትሄዳለች።

ጥር ላይ አንድ እሑድ ልትወጣ ስትል ወይንእሸት በሩ ድረስ ሸኘቻት። በሩን ግማሽ ዘግታ፣ ሕፃኑን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው እያዛወረች ቆየች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለቻት።

«አልቀየምም፣ ንገሪኝ።»

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ያልሽው የሰማሽውን ነው። በአንቺ ቂም የለኝም። ግን ስታንኳኪ እደነግጣለሁ። አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ፣ እሑድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም እደነግጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ልቤ አይመለስም።» የሕፃኑን ልብስ አስተካከለች። «አትምጪብኝ እህቴ።»

ጸደንያ ራሷን ነቀነቀች። የሕፃኑን እግር ነካ አድርጋ ሳመችውና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ወደ ታችኛው ሰፈር አልወረደችም። ገመድ ልትዘረጋ ወይም ገበያ ልትሄድ በዚያ በኩል የሚያስኬድ ነገር ሲገጥማት፣ በላይ በኩል ባለው መንገድ ዞራ ትሄዳለች።